ሲዲ4 የሌለው ጤነኛ ዶነር?? አንቲቦዲው ነው ወይስ ሰውየው

ቡናማ_ፒፔት
ሰላም የላብ ሰዎች እንዴት ናችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ ምክንያቱም ፒአያችን (የላቡ ኃላፊ) ሰኞ ዳታ ይፈልጋል እኔም ጭንቅላቴ ዞሯል። አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ፒኤችዲ ላይ ነኝ። ከደም ባንክ የጤነኛ ሰዎች ደም ይመጣልናል፣ ፊኮል (ሴሎችን የሚለይ ፈሳሽ) ላይ አድርገን ፒቢኤምሲ (ቲ ሴልና ሞኖሳይት ያሉባቸውን የነጭ ደም ሴሎች) እናወጣለን ከዛ ሲዲ3 (የቲ ሴል መለያ)፣ ሲዲ4 እና ሲዲ8 (ሁለቱን ዋና የቲ ሴል ዓይነቶች የሚለዩ)፣ ሲዲ14 (የሞኖሳይት መለያ) የሚባሉ የሴል ላይ ፕሮቲኖችን የሚይዙ ባለቀለም አንቲቦዲዎች እና የሞተ ሴል መለያ ቀለም ጨምረን ፍሎው ሳይቶሜትር (የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን በሌዘር የሚያነብ ማሽን) ላይ እናስገባለን። ማንም የሚሰራው ቀላል ፓነል ነው። በዚህ ሳምንት ከመጡት ዶነሮች አንዱ ላይ ግን ሲዲ4 የሚባል ነገር የለም። አነሰ አላልኩም፣ የለም!! ሲዲ3 ቁጭ ብሏል፣ ሲዲ8 ቁጭ ብሏል፣ ሲዲ4 መታየት ያለበት ቦታ ባዶ ሜዳ። በዛው ቀን የተቀለሙት ሌሎቹ ዶነሮች ምንም አልሆኑም። ደም ባንኩ ኤችአይቪ መርምሮ ነው የሚልከው ስለዚህ እሱን ከወዲሁ እርሱት፣ ለነገሩ ኤችአይቪ ቢሆንም እንዲህ ሙልጭ አያደርገውም። አንቲቦዲው ፒኢ የሚባል የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት ነው፣ ኤክስፓየር አላደረገም። አብራኝ የምትሰራው ልጅ "ሳምፕሉ ተበላሽቷል ድፊው" ትለኛለች፣ እኔ ግን ሴሎቹ በህይወት እንዳሉ እያየሁ እንዴት ልድፋው። ምን ትላላችሁ?

ሊምፎ_ጎንደር
ፒኢ ነው ካልሽ በመጀመሪያ የማስበው ፍሪዘር ነው። ፒኢ ራሱ ትልቅ ፕሮቲን ነው፣ አንዴ በረዶ ከሰራ አለቀለት፣ አንቲቦዲው ቢተርፍ እንኳን ብርሃኑ ይጠፋል። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ልጅ ለጥንቃቄ ብሎ ሳጥኑን በሙሉ ማይነስ 20 ውስጥ ከቶት ስንት ብር ገደል ገባ መሰለሽ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ያ ነው ቦታው።

ቡናማ_ፒፔት
አመሰግናለሁ ወንድሜ ግን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በዛ ላይ ያው ቲዩብ በዛው ቀን ሌሎቹ ዶነሮች ላይ በደንብ ሰርቷል። ሞቶ ቢሆን ሁሉም ላይ ይሞት ነበር።

ኮምፔንሴሽን_ሰለቸኝ
ለሱ ቲዩብ መጨመር ዘለሽው ይሆናላ ሃሃ። የሁላችንም እጅ እኮ ነው።

ቡናማ_ፒፔት
@ኮምፔንሴሽን_ሰለቸኝ ሁሉንም አንቲቦዲ በአንድ ላይ ቀላቅዬ ነው ያከፋፈልኩት፣ ሲዲ3ው ከገባ ሲዲ4ም ገብቷል። ደግሜም ሰራሁት፣ ያው ነው።

ማታ_ተረኛ
ሴሎቹን በፒኤምኤ (ቲ ሴል የሚቀሰቅስ ኬሚካል) አነቃቅተሻቸዋል? ፒኤምኤ ሲነካቸው ሲዲ4ን ከላያቸው ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። ሳይቶካይን የሚሰሩ ልጆች ሁሌ የሚደነግጡበት ነገር ነው፣ "ሲዲ4 የት ሄደብኝ" እያሉ። ወይም ደግሞ ከመቅለማችሁ በፊት ፊክስ ካደረጋችሁ (በኬሚካል ባሉበት ካቆያችኋቸው) አንዳንድ ክሎን (የአንቲቦዲ ዝርያ) ፊክስ የተደረገ ሴል አይወድም።

ቡናማ_ፒፔት
አላነቃቃሁም፣ ፊክስም ያደረግኩት ከቀለምኩ በኋላ ነው 😩

ኢሶታይፕ_ይከበር
ኢሶታይፕ ኮንትሮል (ሴሉ ላይ የሚይዘው ነገር የሌለው ማነጻጸሪያ አንቲቦዲ) የት አለ? ሁሌ እላለሁ ማንም አይሰማኝም። ኢሶታይፕ ሳይኖር ስለ ፖዚቲቭ ስለ ኔጌቲቭ ማውራት አይቻልም።

ሊምፎ_ጎንደር
@ኢሶታይፕ_ይከበር አቦ አንተ ደግሞ ለሁሉም በሽታ አንድ ክኒን። ኢሶታይፕ ኮንትሮል የሚነግርህ አንቲቦዲው ያለ ቦታው ሲለጠፍ ምን ያህል የማይፈለግ ብርሃን (ባክግራውንድ) እንዳለ ነው። እሷ ጋ ያለው ችግር ሲግናል በዛ አይደለም፣ ሲግናል ጠፋ ነው። በዛ ላይ ጌት ለመቁረጥ (ፖዚቲቩን ከኔጌቲቩ የሚለየውን መስመር ለማስመር) ኤፍኤምኦ ይሻላል፣ ሁሉም ቀለም ኖሮ አንዱ ብቻ የቀረበት ቲዩብ ማለት ነው።

ኢሶታይፕ_ይከበር
ኤፍኤምኦ እና ኢሶታይፕ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት። ሌላ ክር ላይ እንጨራረሳለን።

ጋሽ_ሌዘር
ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲያወራ አንድ ነገር ማንም አልጠየቀሽም። ክሎኑ ምንድነው? "አንቲ-ሂውማን ሲዲ4" አትበይኝ፣ ቲዩቡ ላይ ከሱ ቀጥሎ በትንሹ የተፃፈውን አንብቢልኝ። ዶነሩስ ስለማንነቱ የተፃፈ ነገር አለው?

ቡናማ_ፒፔት
ጋሼ ኦኬቲ4 ይላል። ዶነሩ ስም የለውም፣ እድሜ፣ ፆታ እና ጥቁር አሜሪካዊ የሚል ብቻ ነው ወረቀቱ ላይ ያለው።

ጋሽ_ሌዘር
ጠርጥሬ ነበር። ያ ሰው ሲዲ4 አለው፣ ያንቺ አንቲቦዲ ግን አያየውም።

ረዘም አድርጌ ላስረዳሽ ምክንያቱም ሌሎቹም ይጠቀሙበታል። ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ፕሮቲኑን በሙሉ አይጨብጥም፣ ጥቂት አሚኖ አሲዶች የተሰባሰቡባትን አንዲት ቦታ ነው የሚይዘው፣ ኤፒቶፕ የምንላትን። ሲዲ4 ከሴሉ ላይ በአራት ክፍል ተደራርቦ የቆመ ፕሮቲን ነው፣ ከውጭ ጫፍ ጀምረሽ ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3፣ ዲ4 ብለሽ ቁጠሪው። እነ ኤስኬ3 እና አርፒኤ-ቲ4 የሚባሉት ሌሎች የሲዲ4 ክሎኖች ጫፉን ማለትም ዲ1ን ነው የሚይዙት። ኦኬቲ4 ግን ወረድ ብሎ ዲ3 ላይ ነው የሚቀመጠው። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ እዛ ዲ3 ላይ 240ኛዋ አሚኖ አሲድ ከአርጂኒን ወደ ትሪፕቶፋን ተቀይራባቸዋለች፣ አንዲት ፊደል እንደማለት ነው። ይሄን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ላይ ኦኬቲ4 ጭራሽ አይቀመጥም። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰው ላይ ይቀመጣል ግን ብርሃኑ ግማሽ ያህል ይሆናል። ፕሮቲኑ ስራውን ይሰራል፣ ቲ ሴሎቹም በቁጥር ደህና ናቸው። በጥቁር አሜሪካውያንና በጃፓኖች ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፣ ያኔ ፍሎው ላይ የነበርን ሰዎች ሁላችንም ሰምተነዋል፣ አሁን ያላችሁት ልጆች ግን ፓነሉን ከኮምፒውተር ላይ መርጣችሁ ስለምታዙ ክሎን የሚለውን ዓምድ አታዩትም፣ ቀለሙን ብቻ ነው የምታዩት።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ያለሽን ዳታ ድጋሚ ክፈቺውና ሁለት ነገር እዪልኝ። አንደኛ ሲዲ3 ያላቸው ግን ሲዲ8 የሌላቸው ሴሎች ስንት ናቸው? ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱም ማለትም ሲዲ4ም ሲዲ8ም የሌላቸው ቲ ሴሎች ጥቂት ፐርሰንት ናቸው። የዚህ ሰውዬ ከግማሽ በላይ ከሆኑ እነሱ የተደበቁት ሲዲ4 ናቸው። ሁለተኛ ሞኖሳይቶቹን እዪ። ሞኖሳይት ሲዲ4 አለው፣ ደብዘዝ ያለ ቢሆንም አለው። እነሱም ላይ ከጠፋ ነገሩ የቲ ሴል ጉዳይ አይደለም፣ የፕሮቲኑ ነው ማለት ነው።

ኮምፔንሴሽን_ሰለቸኝ
ኧረ ጋሼ 🙌 እኔ እኮ ስቄባት ነበር

ቡናማ_ፒፔት
ጋሼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው። አሁን ከፈትኩት። ከሲዲ3ዎቹ ውስጥ ሲዲ8 የሌላቸው ሁለት ሶስተኛ ገደማ ናቸው!! ሞኖሳይቶቹም፣ ሌሎቹ ዶነሮች ላይ ሲዲ14 ያላቸው ሴሎች በሲዲ4 በኩል ትንሽ ወደ ቀኝ ሸርተት ብለዋል፣ እሱ ላይ ግን ከኤፍኤምኦው ጋር ልክ ተደራርበው ቁጭ ብለዋል። ኤስኬ3 እኛ ጋ የለም፣ ከጎረቤት ላብ ልለምን ነው።

ሊምፎ_ጎንደር
ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ ነገር ከታወቀ ይሄን ያህል ጊዜ ከሆነው ለምንድነው እስካሁን ኦኬቲ4 የሚሸጠው? ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ሰው ሲዲ4 ዜሮ ነው ተብሎ ቢፃፍ እኮ ከባድ ነገር ነው።

ጋሽ_ሌዘር
ጥሩ ጥያቄ። ለሁለተኛው፣ ሲዲ4 የሚቆጠርበት ኪት ብዙውን ጊዜ እነዚህን ያስባል፣ ለምሳሌ የቢዲ ኩባንያ ባለ አራት ቀለሙ ኪት ውስጥ ያለው ሲዲ4 ኤስኬ3 ነው። በዛ ላይ እዛ ቲዩብ ውስጥ ሲዲ3 እና ሲዲ8 አብረው ስላሉ ሲዲ4 ሲደመር ሲዲ8 ከሲዲ3 ጋር ካልተቀራረበ ማንም ሪፖርቱን ከመፈረሙ በፊት ቆም ይላል። ቢያንስ ቆም ማለት አለበት።

ለመጀመሪያው፣ ኤችአይቪ ላይ የሚሰሩ ሰዎች ሆን ብለው ነው ኦኬቲ4 የሚገዙት። የቫይረሱ ጂፒ120 የሚባለው የላይ ፕሮቲን ሲዲ4ን የሚይዘው ዲ1 ላይ ነው፣ ልክ እነ ኤስኬ3 በሚይዙበት አካባቢ። ስለዚህ ጂፒ120 ቦታውን ከያዘ ኤስኬ3 መቀመጫ ያጣል፣ ኦኬቲ4 ግን ከታች ስለሆነ ምንም አይሆንም። ለነገሩ ሲዲ4 የኤችአይቪ መግቢያ በር መሆኑ በ1984 ሲታወቅም በአንቲቦዲ ነው፣ ሲዲ4ን የሚይዙ አንቲቦዲዎች ቀድመው ከገቡ ቫይረሱ ሴሉን መያዝ አቃተው።

ስሙን ካነሳን አይቀር፣ ኦኬቲ የሚለው ከኦርቶ ኩባንያ እና ከኩንግ ከሚባለው ሳይንቲስት ስም የመጣ ነው፣ በ1979 ነው ያወጧቸው፣ ኮለርና ሚልስታይን ካምብሪጅ ላይ በ1975 ሞኖክሎናል አንቲቦዲ መስራት ካሳዩ አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ወንድሙ ኦኬቲ3 ሲዲ3ን የሚይዘው በ1986 ኩላሊት የተቀየረላቸው ሰዎች አካላቸው ኩላሊቱን እንዳይጥል መድኃኒት ሆኖ ተፈቅዷል። ያኔ ግን እያንዳንዱ ላብ የየራሱ ስም ነበረው፣ አንዱ ቲ4 ይላል ሌላው ሌው-3 ይላል፣ ለካ ሁሉም ስለ አንድ ፕሮቲን ነው የሚያወሩት። ሲዲ የሚባለው ቁጥር አሰጣጥ የመጣው በ1982 ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ማን ምን እንደሚይዝ ካስተያዩ በኋላ ነው። ቁጥሩ ስሙን አስተካከለልን፣ ክሎኑን ግን አስረሳን።

የአይጥ_እረኛ
ይሄ እኮ አይጥ ላይም አለ!! ኤንኬ ሴል (ሌላ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ለመቁጠር ፒኬ136 የሚባለውን ክሎን ገዝቶ ባልብ/ሲ አይጥ ላይ ሲሞክር የከረመ ልጅ አውቃለሁ። ፒኬ136 ኤንኬ1.1ን ነው የሚያየው፣ ብላክ 6 በሚባለው የአይጥ ዘር ላይ ቆንጆ አድርጎ ይሰራል፣ ባልብ/ሲ ላይ ግን ያ ኤፒቶፕ የለም። ኤንኬ ሴሎቹ ግን አሉ፣ በሌላ ማርከር ስትፈልጋቸው ይመጣሉ። ልጁ ሴል ሶርተሩን ነበር የሚሳደበው ሃሃሃ

ማታ_ተረኛ
እኛ ጋ ደግሞ በሽተኞች ላይ። ማይሎማ (የፕላዝማ ሴል ካንሰር) ያለበት ሰው ዳራቱሙማብ ከወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ሲዲ38 ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅሽ የላቡ አንቲ-ሲዲ38 ቦታ ያጣል። የመድኃኒት ታሪኩን ካልጠየቅሽ ሲዲ38 ኔጌቲቭ ብለሽ ትፅፊያለሽ። የፕላዝማ ሴል ፓነል ላይ ሌላ ማርከር ወይ በሌላ ቦታ የሚይዝ ክሎን መጨመር ግድ ነው።

ሲዲ4_ቆጣሪ
ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ለረጅም ጊዜ ፋክስካሊበር በሚባለው የፍሎው ማሽን ላይ ሲዲ4 ስቆጥር ነው የኖርኩት። ስንት ሰው የኤችአይቪ መድኃኒት ይጀምር አይጀምር የሚወሰነው በኛ ቁጥር ነበር፣ መጀመሪያ 200 (በአንድ ማይክሮሊትር ደም)፣ ከዛ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 350 አለ፣ በ2013 500፣ በ2015 ደግሞ ቁጥር ሳትጠብቁ ቫይረሱ ያለበትን ሁሉ አስጀምሩ ተባለ። አሁን ሲዲ4 የምንቆጥረው በዋናነት በሽታው የገፋበትን ሰው ለመለየት ነው፣ 200 የሚለው ቁጥር ለሱ አሁንም አለ።

ለልጆቹ ከዛ ስራ የምነግራችሁ ነገር፣ ደሙ ኢዲቲኤ ቲዩብ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ ፍሪጅ አታስገቡት። አንቲቦዲው ነው ፍሪጅ የሚገባው። ከሩቅ ጤና ጣቢያ ደሙን በረዶ ላይ አድርገው በጥንቃቄ የሚልኩልን ነበሩ፣ እንደዛ ለፍተው ነበር የሚያበላሹት። 48 ሰዓት ሳያልፈው መቀለም አለበት። ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ሞኖሳይት ሲዲ4 ስላለው ሲዲ3 ሳይኖር ሲዲ4ን ብቻ አይቶ መቁጠር አደጋ ነው፣ ቁጥሩ ያብጣል።

ሊምፎ_ጎንደር
@ሲዲ4_ቆጣሪ የኛ ሰው ኖርማል ሬንጅ ዝቅ ይላል የሚባለውስ? እሱም የአንቲቦዲ ጉዳይ ይሆን እንዴ አሁን ስናስበው?

ሲዲ4_ቆጣሪ
አይ እሱ ሌላ ነው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ ኤናርፕ ይባል የነበረው፣ በ1994 የተጀመረው፣ ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከደች ጤነኞች ጋር አወዳድሮ የኛ ሲዲ4 ዝቅ ሲዲ8 ደግሞ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ሴሎቹ ራሳቸው ተቀስቅሰው፣ ገና ጠላት ያላዩት የሚባሉት ደግሞ አንሰው ነው የተገኙት። ክሎን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲዲ8ን ምን ከፍ አደረገው?

ከሬሆቮት
በዚህ ላይ እኔም ልጨምር እስራኤል ስለሆንኩ። እዚህ ሬሆቮት የነበረው የዝቪ ቤንትዊች ቡድን በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ሰርቶ የሲዲ4 ዝቅ ማለትና የሲዲ8 ከፍ ማለት ከሆድ ትላትል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እናቴ በዛን ጊዜ ደም ከሰጡት አንዷ ነች ብዬ እጠረጥራለሁ፣ "ደሜን ወስደው የኮሶ ነገር ጠየቁኝ" ትላለች ሃሃ። ስለዚህ እዛ ላይ ፍሎውው ያሳየው እውነተኛ ለውጥ ነው፣ እዚህ ክር ላይ ያለው ግን መሳሪያው ያላየው ነው። ሁለቱን አትቀላቅሏቸው።

ኢሶታይፕ_ይከበር
እሺ እኔም አንድ ደህና ነገር ልናገር። ኤስኬ3 ስትለምኚ ቲዩቡን ዝም ብለሽ 5 ማይክሮሊትር ብለሽ አትጨምሪ። የሌላ ላብ አንቲቦዲ ምን ያህል እንደቆየ አታውቂም፣ ቢያንስ ሶስት አራት መጠን አድርገሽ በደህናው ዶነር ላይ ታይትሬት አድርጊው። ያለዚያ ደግሞ ነገ "ኤስኬ3ም ደብዝዟል" ብለሽ ትመጫለሽ።

ቡናማ_ፒፔት
@ኢሶታይፕ_ይከበር ይሄ ጥሩ ነው፣ እሺ 🙏

ዕጣን_እና_ኤታኖል
እኔ ከዱባይ ነኝ፣ ፍሎው ነክቼ አላውቅም፣ ኬሚስትሪ ነው የምሰራው፣ ግን ይሄን ክር እንደ ተከታታይ ድራማ ነው የማነበው። ውጤቱ ይምጣ እንጂ!

ቡናማ_ፒፔት
መጣ። ኤስኬ3 በኤፒሲ (ሌላ የሚያበራ ቀለም) ነው ያገኘሁት። ደህናው ዶነር ላይ ታይትሬት አደረግኩት፣ ከዛ የኛን ሰውዬ ቀለምኩ። ሲዲ4ቶቹ በሙሉ ተሰልፈው ወጡ 😭😭 ያቺ ባዶ ሜዳ ሞላች። ከሲዲ3ዎቹ ውስጥ ሲዲ8 የሌላቸው የነበሩት ሁለት ሶስተኛዎቹ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ኤስኬ3 ፖዚቲቭ ናቸው፣ ሞኖሳይቶቹም ደብዘዝ ብለው ታዩ። በዛው ቀን ኦኬቲ4 በሌላ ቲዩብ ደገምኩት፣ አሁንም ባዶ። ለፒአያችን ስልክ ደውዬ ነው የነገርኩት፣ መጀመሪያ ዝም አለ ከዛ "ከድሮዎቹ ዶነሮች ውስጥ ስንቱን እንደዚህ ጥለናል?" ነው ያለው። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።

ጋሽ_ሌዘር
አሜን ልጄ። ፒአይሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ሲዲ4 የለም ተብለው "የተበላሸ ሳምፕል" ተብለው የወጡት ሁሉ የሆነ ወገን ላይ ያደሉ ከሆኑ ከጥናታችሁ ጥቁር ዶነሮችን ሳታውቁት እየቀነሳችሁ ነበር ማለት ነው። የድሮ ፋይሎቻችሁን ክፈቱ። ሙሉ ለሙሉ የጠፋበትን ብቻ ሳይሆን ግማሽ የሆነውንም ፈልጉ፣ እሱ ነው የሚበዛው፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ በቂ ስለሆነ። ጌቱ ውስጥ ስለሚገባ ማንም አያስተውለውም፣ ቁጥሩ ትክክል ይወጣል፣ የብርሃኑ መጠን ነው ዝቅ የሚለው። እናንተ ደግሞ በአንድ ሴል ላይ ስንት ሲዲ4 አለ የሚለውን የምትለኩ ከሆነ ያ ሰው ግማሽ ሲዲ4 ያለው ይመስላችኋል።

ቡናማ_ፒፔት
ጋሼ እሱን ነው የምንለካው 🤦🏾‍♀️ ጂፒ120 ከተጨመረ በኋላ ሲዲ4 ምን ያህል ከሴሉ ላይ እንደሚቀንስ ነው ፕሮጀክቱ። ፋይሎቹን እያየሁ ነው፣ አንድ ዶነር ላይ የሲዲ4 ብርሃን ከሌሎቹ ግማሽ ገደማ ነው፣ ሲዲ3ቱ ግን እኩል ነው። ያኔ "የቮልቴጅ ነገር ነው" ብሎ የቀደመው ተማሪ ደብተሩ ላይ ፅፎታል።

ማታ_ተረኛ
ቮልቴጅ ቢሆን በዛው ቀን የሰሩት ሁሉ አብረው ይወርዱ ነበር። የሱ ሴል ፍሪዝ ተደርጎ ካለ አውጪው።

ቡናማ_ፒፔት
ናይትሮጅን ውስጥ ሁለት ቫያል አለ። ጥያቄዬ፣ ሁለቱን ክሎኖች አንድ ቲዩብ ውስጥ ባደርጋቸው አይገፋፉም?

ጋሽ_ሌዘር
አይገፋፉም፣ አንዱ ዲ1 አንዱ ዲ3 ነው። እንደውም አብረሽ ማድረጉ ይሻላል፣ በአንድ ሴል ላይ ኤስኬ3 ሙሉ ኦኬቲ4 ግማሽ ሆኖ ካየሽው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። ከጎኑ ሁለቱም ሙሉ የሆነበት አንድ ደህና ዶነር፣ ደግሞ እየለየሽ ብቻቸውን የቀለምሻቸው ቲዩቦችም ይኑሩ። ጂፒ120 የምትጨምሪበት ቲዩብ ላይ ግን ኤስኬ3ን አትመኚው፣ እዛ ጋ ቦታው ተይዞ ይጠብቅሻል።

ኮምፔንሴሽን_ሰለቸኝ
ኦኬቲ4 ፒኢ ኤስኬ3 ኤፒሲ ከሆነ ሲዲ3ሽ ምን ላይ ነው ያለው? ኤፒሲ ላይ ከሆነ ተጋጨብሽ።

ቡናማ_ፒፔት
ኤፒሲ ላይ ነበር፣ ፊትክ ወደሚባለው ቀለም አዛውሬዋለሁ። ሲዲ8ን ፐርሲፒ ቀለም ላይ። ሲዲ14 ለዚህኛው ይቅር ወይስ ይኑር?

ኮምፔንሴሽን_ሰለቸኝ
አታውጪው፣ ሞኖሳይቶቹን ትፈልጊያቸዋለሽ። ፓሲፊክ ብሉ የሚባለው ቀለም ካላችሁ እዛ አስቀምጪው፣ ቫዮሌት ሌዘር አላችሁ አይደል? የሞተ ሴል መለያውን ደግሞ ከሱ ጋር እንዳይጋጭ እዪው።

ቡናማ_ፒፔት
አለን። ሐሙስ ማሽኑን ቡክ አድርጌያለሁ፣ ፕሎቶቹን እዚሁ እለጥፋለሁ።